የአባቴን እግር ልታስቆርጥ የነበረች ቃል

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጠዋት ክፍል ስገባ ሰሌዳው ጥግ ላይ አንዲት ቃል እጽፋለሁ። ትርጉሟን፣ ከየት እንደመጣችና በምን ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደምትገባ አስረዳለሁ። ተማሪዎቼ «የቲቸር ቁርስ» ይሏታል። በዚህች ቁርስ እኮራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከልክ በላይ ነበር የምኮራው። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ የእንግሊዝኛ ፊደል ካየሁ ቆሜ ባለሱቁን ሳላስጠራ አላልፍም። ባለሱቁም «አቦ ቲቸር፣ ዕቃ ትገዛለህ ወይስ አትገዛም?» ይለኝና እያጉረመረምኩ እሄዳለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

አባቴ ደግሞ የሸመንደፈር ሰው ነበር። የምድር ባቡሩ ሥራ በፈረንሳይኛ በሚካሄድበት ዘመን በወጣትነቱ ተቀጥሮ፣ ዕድሜውን ለገሃር ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ክፍል ውስጥ ጨርሶ፣ ከዚያው ጡረታ ወጣ። የድሮ ባልደረቦቹ እስከመጨረሻው ድረስ በፈረንሳዮቹ ወግ «ሙሴ ታደሰ» ነበር የሚሉት። ከዚራ ሰፈር ያደግንበት ቤትም ያኔ የተከራየው ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ አባቴን በሕይወት ያቆየችው አንዲት ልማድ ነበረች። በየማለዳው ጫማውን ቦርሾ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር እስከ ለገሃር በእግሩ ይሄዳል። የሚጠብቀው ባቡር የለም። ከዘበኛው ጋር ሰላም ተባብሎ፣ ሐዲዱን አይቶ፣ ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ከቀረበት ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይጠቁራል።

ልጅ ሳለሁ ፈረንሳይኛ ሊያስተምረኝ ብዙ ደክሟል። እኔ ግን ልቤ ከእንግሊዝኛ ጋር ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ «አባባ፣ ይሄ እኮ የሞተ ባቡር ቋንቋ ነው» አልኩት። ድሬ ላይ አባትን «አንተ» ማለት ነውር አይደለም፤ እንዲያ ማለት ግን ነውር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሊያስተምረኝ አልሞከረም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ነው። አባቴ ስኳር ነበረበት። ጅቡቲ የምትኖረውን አክስቴን ሊጠይቅ ሄዶ፣ እዚያ ሳለ ግራ እግሩ ሥር፣ ከትንሿ ጣቱ አጠገብ፣ ቁስል ወጣበት። አክስቴ አንድ ሐኪም ዘንድ እያመላለሰች አንድ ወር ካሳከመችው በኋላ በባቡር ላከችው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ልቀበለው ሄድኩ። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ከባቡሩ ሲወርድ፣ አብራው የመጣችው የአክስቴ ጎረቤት ወደ ጎን ወሰደችኝና የታሸገ ፖስታ በእጄ አስያዘችኝ። ከሐኪሙ የተሰጠ እንደሆነና አክስቴ ለአባቴ በፍጹም እንዳላሳየው አደራ ማለቷን ነግራኝ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

ቤት ደርሰን አባቴ ጋደም ሲል ፖስታውን ከፈትኩት። የኢትዮጵያ ሐኪሞች እንዲያነቡት ታስቦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ቁስሉ በየቀኑ ይታጠብ፣ ስኳሩ ይጠበቅ፣ መድኃኒቱ ይቀጥል ይላል። የመጨረሻው መስመር ሁለት ነገር ብቻ ነበር የያዘው፦ «ኢቨንቹዋሊ»፣ ቀጥሎም የግራ እግር መቆረጥ።

ይህችን ቃል በዚያው ሳምንት ለስምንተኛ ክፍሎች አስተምሬያት ነበር። «ኢቨንቹዋሊ» ማለት ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይቀርም ማለት ነው ብያቸዋለሁ። በአማርኛ «ውሎ አድሮ» የሚለው ይቀርባታል። ሥሯ ላቲን ነው፤ «ወደ ውጭ» እና «መምጣት» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው «ወጥቶ የሚመጣ»፣ ማለትም የነገር መጨረሻ፣ ውጤት የሚል ትርጉም ሰጡ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ሳነብ ቅንጣት ታክል አልተጠራጠርኩም። የአባቴ እግር ውሎ አድሮ መቆረጡ አይቀርም።

ለእህቴ ለሰናይት ነገርኳት። ሰናይት ታላቄ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ከአባቴ ጋር የምትኖረውም እሷ ናት። እኔ ያኔ ሳቢያን ሰፈር ነበር የተከራየሁት። ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ ለአባባ እንዳንነግረው ተማማልን። እኛ አገር ሐኪም የተናገረውን ክፉ ነገር ለታማሚው ማን ይነግራል? ልቡ ይሰበራል፣ በሽታው ይብስበታል ተብሎ ከሁሉ ሰው በኋላ የሚሰማው እሱ ነው። ወረቀቱን የተማሪዎች ደብተር መሃል ደበቅኩት።

ቀጥሎ ያደረግነውን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። አባቴ ቁስሉን የሚታጠበው ሰፈራችን ባለው ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር ፋጡማ ዘንድ ነበር። በየቀኑ በባጃጅ እናመላልሰዋለን። ሙቀቱ ይከብደዋል፣ ሲታጠብም ያመዋል። ሰናይትና እኔ ተማከርንና «መቆረጡ ካልቀረ ለምን በየቀኑ እናሠቃየዋለን?» ተባባልን። በየሦስት ቀኑ አደረግነው። ሲስተር ፋጡማ ይህን ስትሰማ አባቴ በሌለበት ጠርታ ተቆጣችኝ። «ቲቸር፣ ወላሂ ቁስሉ እየሞላ ነበር እኮ። አሁን ነው በደንብ መታጠብ ያለበት» አለችኝ። ልቤ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰ። ግን እሷ ወረቀቱን አላየችም፤ እኔ አይቻለሁ፣ ቃሏንም አውቃታለሁ። እሺ ብያት ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ቁስሉ ጠርዙ እየጠቆረ መጣ። ያን ጊዜ እኔና ሰናይት «ይኸው፣ ሐኪሙ ያለው ደረሰ» አልን። ወደ ላይ ሳይወጣ ይቆረጥ ብለን ወስነን፣ ወረቀቱን ይዤ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበ። የጻፈው ባልደረባው አንድ ወር ሙሉ የተከታተለ በመሆኑ አስተያየቱ ቀላል አይደለም፣ ማክሰኞ ጠዋት አምጣቸው፣ አይቼ ከራሳቸው ጋር ተነጋግረን እንወስናለን አለኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት የሚለውን ብቻ ነው። ለአባቴ ሆስፒታል የሚገባው ቁስሉን በማደንዘዣ በደንብ ለማጠብ እንደሆነ ነገርነው። እሺ አለን።

ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ከዚራ ሄድኩ። አሥር ሰዓት አልፎ ሙቀቱ በረድ ማለት ጀምሯል። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ፋሻ የታሰረ እግሩን ዱካ ላይ ዘርግቶ፣ ለነገ ጫማውን ይቦርሻል። ጥቁሩን የቆዳ ጫማ፣ ሁለቱንም። የቀኙን ጨርሶ ግራውን ይዟል። ተረከዙን፣ ጎኑን፣ የማሰሪያውን ቀዳዳዎች ሳይቀር በጨርቅ እየወለወለ ነው። ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። የግራውን ጫማ ወደ ብርሃኑ አንስቶ ሲመለከተው መቻል አቃታትና አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

አባቴ ምን ሆና ነው ሲለኝ ጉንፋን ይዟታል አልኩት። ብሩሹን አስቀመጠና አጠገቡ እንድቀመጥ በእጁ አመለከተኝ።

«ዮናስ» አለኝ፤ «እኔ የሰው መርዶ ስቀበል ነው ያረጀሁት። መልእክቱን ይዞ የሚወጣው ሠራተኛ ፊቱ እንዳያሳብቅበት ውኃ አጠጥቼ ነበር የምልከው። አንተ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ፊትህ ላይ ቴሌግራም አለ። የማን ነው?»

ምንም የለም አልኩ። የትምህርት ቤት ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። እሱም አልተከራከረኝም፤ አንድ ነገር ያጫውተኝ ጀመር። በወጣትነቱ፣ ከእሱ ጋር ለገሃር የሚሠራ አንድ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ያ ሰው ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ድግስ በደገሰበት ዋዜማ እናቱ ማረፏን የሚገልጽ ቴሌግራም መጣ። የተቀበለው አባቴ ነው። ድግሱ እንዳይበላሽበት ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሁለት ቀን አቆየው። ለበጎ ነበር። ሰውየው ሲደርሰው ግን እናቱ ተቀብራለች። አፈር ሳያለብሳት ቀረ።

«እስኪሞት ድረስ ሰላም ይለኝ ነበር» አለ አባቴ፤ «ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔን አያየኝም። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የማየው፤ የማን ስም ነው የተጻፈበት? ያንተ ወረቀት ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«ያንተ» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

«እንግዲያው ስጠኝ።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ደብተሮቹን አገላብጬ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። እኔ የምሆነውን አጥቼ የበረንዳውን ንጣፍ ሸክላ እቆጥር ጀመር። አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ እንደገና ወደ ታችኛው መስመር ተመልሶ እዚያ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የጠበቅሁትን አላየሁም። ፈገግ ብሎ ነበር።

«ይሄን ነው የደበቃችሁኝ? ይሄን እኮ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮኛል፣ እዚያው ጅቡቲ።»

ሰናይት ድምፁን ሰምታ ወጣች። አውቆ ኖሮ ለምን እንዳልነገረን ስትጠይቀው እንዳንደነግጥ ብሎ መሆኑን ተናገረ። እኛ ከእሱ ደበቅን፣ እሱ ከእኛ ደበቀ፤ አንድ ቤት ውስጥ አንዱን ነገር ለየብቻ ታቅፈን ሦስት ሳምንት ኖረናል። ሰናይት ግን ከዚያም በላይ ተገርማ ነበር።

«አባባ፣ ታዲያ እያወቅክ ነው ነገ ለመቆረጥ እሺ ያልከው?»

ፈገግታው ጠፋ። «ለመታጠብ አይደል እንዴ የምገባው?» አለ። ጉልበቱ ላይ ያለውን ጫማ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጫማውን መሬት አስቀምጦ የጅቡቲው ሐኪም ምን እንዳለው ነገረን። አነጋገሩ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር። ቁስሉ ይድናል ብሎ ተስፋ እንደሚያደርግ፣ በየቀኑ መታጠብ እንዳለበት ነግሮት፣ መቆረጥን ግን «ኤቫንቱኤልማን» ነው ያለው።

«ምናልባት ማለት ነው» አለ አባቴ። «ሳይድን ቢቀር፣ ነገሩ ቢከፋ ማለት ነው።»

እናንተ አንባቢዎቼ አትታዘቡኝ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ መምህርነቴ አልለቀቀኝም። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑን፣ በእንግሊዝኛ ቃሏ ምናልባት እንደማትባል፣ አይቀሬነት እንዳላት አስረዳሁት። ሥሯ ከላቲን መሆኑን፣ «ወጥቶ የሚመጣ» ማለት እንደሆነ ሁሉ ነገርኩት። አባቴ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ልክ ነህ» አለኝ። «ግን ወረቀቱን የጻፈው ማነው?»

«ሐኪሙ።»

«ሐኪሙ የተማረው በምን ቋንቋ ነው?»

ጅቡቲ ትምህርቱ በፈረንሳይኛ መሆኑ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። አባቴ ሰናይትን ልኮ ጀርባው የተገነጠለ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቱን አስመጣ። እኔም ስልኬ ላይ ያለውን እንግሊዝኛውን ከፈትኩ። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። ሥራቸው አንድ ነው፤ አንዲት የላቲን እናት የወለደቻቸው ናቸው። መልካቸውም ቁርጥ አንድ ነው። አባቴ ጣቱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሰ እንዲህ አለኝ፦

«ሁለቱም የሚያወሩት ስለሚመጣ ነገር ነው። ፈረንሳዩ ‹ቢመጣ› ይላል። እንግሊዙ ‹ሲመጣ› ይላል። በእኛ ቢጻፍ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት።»

ቢመጣ፣ ሲመጣ። በልቤ ደጋገምኩት። ስንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ ስንት ሺህ ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ይህን ያህል ጥርት አድርጌ አንድም ቃል አስረድቼ አላውቅም። የሞተ ባቡር ቋንቋ ያልኩት እሱ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰናይት ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ስታስብ ቆይታ፣ እኔም አባቴም ያላሰብነውን አመጣች። «ሐኪም ለታማሚ እውነቱን አይናገርም» አለች። «ለአባባ ‹ምናልባት› ብሎ አጽናንቶት፣ እርግጡን ለእኛ በወረቀት ጽፎ ቢሆንስ? ለዚያ አይደል በፖስታ አሽጎ ለአክስቴ የሰጣት?» አባቴ ሊመልስላት ጀምሮ አቆመ። እሱም የአገሩ ሰው ነውና ይህ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ቁስሉ መጥቆሩንም ሁላችንም አይተናል። ብንጠብቅና ሐኪሙ እርግጡን ጽፎ ከሆነ እግሩ ከጉልበቱ ሊሄድ ነው፤ ብንቸኩልና ምናልባቱን ጽፎ ከሆነ ደግሞ የሚድን እግር ልናስቆርጥ ነው። ወረቀቱ ሥር ባለው ማኅተም ላይ የክሊኒኩ ስልክ ነበር። ደወልን። አባቴ ከአንዲት ሴት ጋር ተነጋገረና ሐኪሙ እንደሌለ፣ ነገ ጠዋት እንደሚገባ ነገረን።

ማክሰኞ ጠዋት በባጃጅ ሄድን። አባቴ የቀኝ እግሩን ጫማ አድርጎ የግራውን በፌስታል ይዞታል። ሰናይት ልትቀበለው ብትል አልሰጣትም። ሆስፒታል ስንደርስ ኮሪደሩ ሞልቷል። አንዲት ነርስ ስሙን ጠርታ ገና ሐኪሙ ሳያየው የሚሞላ ፎርምና እስክሪብቶ ሰጠችው። የፈቃድ ፎርም ነው። አባቴ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ስልኩን ይዤ በየደቂቃው እደውላለሁ። መስመሩ አይገባም። ሲገባ አይነሳም።

ተራችን ደርሶ ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የሚያወራው እንደ ደገኛ ነው፣ አባቴን «እርስዎ» ይለዋል። እየተንተባተብኩ ስለ ቃሏ አስረዳሁት። ተማሪ ሆኜ መምህር ፊት የቆምኩ መሰለኝ። ያሾፍብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ወረቀቱን መልሶ አንብቦ ማኅተሙን አየና እንድንደውል ነገረን። ደወልኩ። በዚህኛው ጊዜ ተነሳ። ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት።

እስከዚያች ቀን ድረስ በቤታችን የፈረንጅ ወረቀት ሲመጣ የማነበው፣ ስልክ ሲመጣ የማነጋግረው እኔ ነበርኩ። አሁን አባቴ ሲያወራ አንድም ነገር አይገባኝም። ወንበሩ ላይ ቀና ብሏል። ድምፁ የማላውቀው ድምፅ ሆኗል፤ ፈጠን ያለ፣ የወጣት ሰው ድምፅ። ዕድሜውን የሰጠው ሥራ ላይ ሆኖ ምን ይመስል እንደነበር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ሳልወለድ የነበረውን አባቴን አየሁት። ብቻ የሚሰማውን ከፊቱ ላነብ ብሞክርም አልቻልኩም። «ኡዊ» ይላል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ እንደገና «ኡዊ» ይላል። ሰናይት ክንዴን ጨምቃ ይዛኛለች። አባቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ከጥያቄው ውስጥ ያቺን ቃል ሰማሁ። መልሱን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

ስልኩን ለሐኪሙ አቀበለው። ሁለቱ ሐኪሞች የስልኩ ድምፅ ተከፍቶ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ፤ ይህን እንኳ ሰማሁ። ያኛው በፈረንሳይኛ ቅላጼ ተቸግሮ ይናገራል። ካልዳነ ብቻ፣ ሁለት ወር በደንብ ታጥቦ ካልዳነ ብቻ ነው የጻፍኩት ይላል። የእኛው ሐኪም ስልኩን ዘግቶ ፋሻውን ፈታ። የእግሩን ጀርባ በሁለት ጣቱ ይዞ የደም ምቱን ሲያዳምጥ ቆየ። ደሙ እንደሚደርስ፣ እግሩ እንደሚተርፍ ነገረን። ቀጥሎ ጠርዙን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ በየቀኑ ሲታጠብ አልነበረም» አለ። «ማነው ያቋረጠው?»

ሰናይት አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ» አልኩ። አባቴ ያን ጊዜ ነው ያወቀው። በየሦስት ቀኑ ያደረግነው ሲስተር ፋጡማ ስላለች ነው ብለን ዋሽተነው ነበር። እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትንሿን ጣቱን አጣ። ዙሪያዋ ስለሞተ ሐኪሙ ሊያተርፋት አልቻለም። እግሩ ግን ተረፈ። ሲስተር ፋጡማ በየቀኑ አጠበችው፤ እኔንም ለብዙ ቀን ስትሰድበኝ ቆየች፣ የሚገባኝን ያህል። አራት ወር ያህል ሲሆነው ቁስሉ ሞልቶ ደረቀ። አንድ ማለዳ ሰናይት ደውላ «ወጥቷል» አለችኝ። ሳቢያን ካለው ቤቴ ወጥቼ በባጃጅ ተከተልኩት። ከዚራ ውስጥ ከሩቅ አየሁት፤ ቀስ እያለ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያዘነበለ፣ ጫማውን አድርጎ ወደ ለገሃር ይሄዳል። አልጠራሁትም። ባጃጁን አስቁሜ እስኪርቅ ድረስ እያየሁት አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈረንሳይኛ ማስተማሩን ልጅ ሳለሁ ካቆመበት ቀጠለ፤ እኔ ነኝ የለመንኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጠን የሁለቱን ቋንቋዎች መሳይ ቃላት እንለቅማለን። መልካቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው የተለያየውን ስናገኝ «ይኸው ሌላ ሌባ» እያለ ይስቃል። ዛሬ ያንን በረንዳ ሳስብ በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት ቤት አይታየኝም። ክፍል ውስጥም ተለወጥኩ። ቃል ስጽፍ ትርጉሟንና ሥሯን ከተናገርኩ በኋላ፣ ማን ተናገራት፣ አፉን የፈታው በምን ቋንቋ ነው ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ይቺ ከተማ ራሷ ይህን ታስተምራለች፤ አንዱ በኦሮምኛ አስቦ በአማርኛ ያወራል፣ ሌላው በሶማሊኛ አስቦ በአማርኛ ይስቃል፤ እኔ ነበርኩ ሳልሰማ የኖርኩት።

እናንተስ ቤት የተደበቀ ወረቀት የለም? ካለ፣ የማን ስም እንዳለበት እዩ። እኛ ያን ወረቀት ሊያነብ ከሚችል ሰው ሁሉ ለይተን፣ በትክክል ሊያነበው ከሚችለው ከአንዱ ሰው ነበር የደበቅነው። ፍቅር ነው ብለን ነው ያደረግነው፤ ፍቅርም ነበር። አንድ ጣት አስከፍሎናል፣ እግር ሊያስከፍለን ነበር።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ፣ በእግሩ እየሄደ። በመጨረሻው ዓመት ልቡ ደከመችበት። አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ አስመረመርኩት፤ ውጤቱን ሊሰጡን ቀን ቀጠሩን። በቀጠሮው ቀን እሱ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ሲጠብቀኝ፣ እኔ ገብቼ የታሸገውን ፖስታ ተቀበልኩ። ጸሐፊዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መጀመሪያ እርስዎ ቢያነቡት ይሻላል አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁና ሳልከፍተው ሰጠሁት።

መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበው። እስከ መጨረሻው ድረስ አነበበው፣ እንደገናም ወደ ታችኛው መስመር ተመለሰ። ከዚያ አጠፈውና በእጄ አስያዘኝ።

«አሁን አንተ አንብበው፣ ልጄ» አለኝ። «ይሄኛው ፈረንሳይኛ የለበትም፤ ‹ሲመጣ› ነው የሚለው።»